የጣሊያን ምግብ በአዲስ አበባ፤ ገበታው፣ ታሪኩና ስንዴው



የዛሬውን ርእስ የሰጡኝ ተማሪዎች ናቸው። በየዓመቱ ከአዴት፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ አካባቢ ተነሥተው ለጥናት ወይም ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ልጆች አሉን። ከመሄዳቸው በፊት ከሚጠይቁኝ ነገሮች አንዱ «የጣሊያን ምግብ ጥሩ አድርጎ የሚሠራው የት ነው?» የሚል ነው። ሦስት አራት ስም ጠርቼ ላሰናብታቸው እችል ነበር። ይሁን እንጂ አምስት ዓመት የወረረን ጠላት ምግብ እንዴት የረቡዕና የዓርብ ምሳችን እስከ መሆን እንደ ደረሰ ሳይነገር የቤቶቹን ስም ብቻ መዘርዘር ጎደሎ መስሎ ታየኝ። ስለዚህ ስሞቹን እነግራችኋለሁ፤ ነገር ግን በመንገዴ ብዙ እዞራለሁና ታገሡኝ።

ከአዴት ልነሣ። የተወለድሁባት ስለሆነች ብቻ ሳይሆን ለጉዳዩም ስለምትመች ነው። እንደምታውቁት አዴት የይልማና ዴንሳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በልጅነቴ በመናኸሪያው ዙሪያ በነበሩት ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ በእጅ የተጻፈው ዝርዝር ሽሮ፣ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ ይል ነበር። ፓስታን የባዕድ ምግብ ነው ብሎ የቆጠረ አንድም ሰው አላስታውስም። በበርበሬ ቀልቶ፣ በእንጀራ ላይ ፈስሶ፣ በእጅ እየተጠቀለለ ይበላ ነበር። ከሮም የመጣ እንግዳ ቢያይ ይደነግጥ ይሆናል፤ ዱቄት በዱቄት መብላት ምን ይሉታል ብሎ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ የሚጥም የፓስታ አበላል አላገኘሁም። እንግዲህ የጣሊያን ምግብ የት ይበላል ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ «በየመናኸሪያው» የሚል ነው።

ይህ ምግብ ምን ያህል እንደ ሰረጸ ቋንቋችን ይመሰክራል። ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ላዛኛ፣ ስጎ፣ ሳልሳ፣ ፉርኖ፣ ቦምቦሊኖ፣ ትሪፓ፣ አሮስቶ፣ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ማኪያቶ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ልብ በሉ፤ ቃላቱ ሲሻገሩ ትርጕማቸው ጥቂት ተንሸራቷል። ጣሊያናዊው ሳልሳ ሲል ማንኛውንም ማጣፈጫ መረቅ ማለቱ ነው፤ እኛ ሳልሳ የምንለው በጣሳ የታሸገውን የቲማቲም ድልህ ነው። እርሱ ፎርኖ የሚለው ምድጃውን ነው፤ እኛ ግን ቃሉን ወደ ዱቄቱና ወደ ዳቦው አዙረን የፉርኖ ዱቄት እንላለን። ማኪያቶ «የተንጠባጠበበት» ወይም «ነጠብጣብ ያለበት» ማለት ነው፤ በሮም ጥቁር ቡና ላይ ጠብ የምትል ወተት ናት፤ በአዲስ አበባ ብርጭቆ ግን ወተቱ ከእንግድነት ወደ ባለቤትነት ተሸጋግሯል። ከነዚህ የወጥ ቤት ቃላት ጋር እኩል የገቡት የጋራዥ ቃላት ናቸው፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ቺንጊያ፣ ካቻቢቴ። ወጥ ቤትና ጋራዥ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሁለቱም ሰው ቆሞ፣ በእጁ እየሠራ፣ በጆሮው እየሰማ የሚማርባቸው ቦታዎች ናቸው። እነዚህን ቃላት ያመጣልን መጽሐፍ አይደለም፤ የሠራተኛ ጆሮ ነው።

ይህ ወደ ታሪኩ ይወስደኛል። ከወረራው በፊት ዛሬ ፒያሳ የምንለው ሰፈር አራዳ ነበር፤ የምኒልክ ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ የግሪክና የአርመን ሱቆች በዙሪያው። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልም በዚያው ለውጭ እንግዶች ምግብ ያቀርብ ነበር። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ተከትሎ የገባው ወታደር፣ ግንበኛና ሾፌር መብላት ነበረበት፤ አገሩ የሚበላውንም ይዞ መጣ። አስተዳደሩ ከተማይቱን በዘር ከፈላት። የአገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬም በዚያው የጣሊያንኛ ስሙ መርካቶ ይባላል። ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው የጣሊያን ድርጅት ምሕጻረ ቃል ነው። በ1937 እና በ1939 እ.ኤ.አ. የወጡት የዘር ሕጎች ነጭና ጥቁር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ፣ በኑሮም እንዳይቀላቀሉ የሚከለክሉ ነበሩ። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ይህን ምግብ የተማረው ገበታው ላይ ተቀምጦ ሳይሆን ምድጃው ሥር ቆሞ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። ሳህን እያጠበ፣ ሽንኩርት እየከተፈ።

ወራሪው ምግቡን በኢትዮጵያ መሬት ላይ ለማብቀልም ሞክሯል። በወገራ ሮማኛ፣ በጨርጨር ፑልያ የሚል ስም ተሰጥቷቸው ከጣሊያን ገጠሮች የመጡ ገበሬዎች ሰፈሩ። ሐሳቡ ቅኝ ግዛቱ ስንዴውን ራሱ እንዲያመርት ነበር፤ አልሆነም፤ ስንዴና ዱቄት ከውጭ መጫኑ ቀጠለ። በእኛ በጎጃም ነገሩ ከዚህም የከፋ ነበር፤ አርበኛው ከየምሽጋቸው አላስወጣቸውም። በቡሬ የነበረው የጣሊያን ጦር በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ምሽጉን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፣ ጎጃም ውስጥ የጣሊያን ገበሬ የዘራው እርሻ ይህ ነው የሚባል አልነበረም።

አሁን ልዘልለው የማይገባኝ ነገር አለ። ከባልደረቦቼ መካከል በየካቲት 12 ሐውልት ጥላ ሥር ስለ ፒዛ ማውራት ነውር ነው የሚሉኝ አሉ። በ1929 ዓ.ም. በዚያ ቀን ጭፍጨፋው የተጀመረው በገነተ ልዑል ግቢ፣ ማለትም ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ስድስት ኪሎ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማይቱ ታረደች፣ ተቃጠለች። ከዚያ ግቢ በእግር ወርዳችሁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስፓጌቲ ታዛላችሁ። ይህን ተቃውሞ ቀላል አድርጌ አላየውም። እኔ የማደርገው ልዩነት የሚከተለው ነው። ምግቡ አልገደለንም፤ የገደለን ፋሽስቱ ነው፤ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የቀረው ጣሊያናዊ ደግሞ በእኛ ሕግ ሥር፣ በእኛ ምሕረት የኖረ ሰው ነው። እንግሊዞች አብዛኛውን የጣሊያን ነዋሪ ከአገር ሲያስወጡ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሙያ ያላቸው እንዲቀሩ ይፈልጉ ነበር፤ ከቀሩትም ውስጥ መካኒኩ፣ አናጺውና ምግብ አብሳዩ ይገኙባቸዋል። በ1947 እ.ኤ.አ. የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ እንድትከፍል የተወሰነባት ካሳ 25 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የቆቃ ግድብ የተሠራው ከዚሁ ካሳ ነው። ሒሳቡ በዚህ ተዘጋ አልልም፤ የሰው ደም በግድብ አይተካምና። ነገር ግን አንድ ምግብ ቤት የወረራውን ዘመን ፎቶግራፍ «ያ መልካም ጊዜ» አስመስሎ ግድግዳው ላይ ከሰቀለ፣ ምግቡ የቱንም ያህል ቢጥም እኔ እዚያ አልቀመጥም፤ እናንተም እንድትቀመጡ አልመክርም። ግድግዳውን ማንበብ ከሜኑው በፊት ይቅደም።

እንግዲህ ወደ መንገዱ። ከስድስት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ስትወርዱ ከብሔራዊ ሙዚየም ፊት ለፊት ብሉ ቶፕስ የሚባለው ቤት ለብዙ ዘመን ፒዛ፣ ፓስታና አይስ ክሬም ሲያቀርብ ኖሯል፤ የዩኒቨርሲቲ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሉሲን አይቶ ወጥቶ ፒዛ የበላ ስንት ተማሪ አለ! ከዚያ በአራት ኪሎ በኩል ወደ ፒያሳ እለፉ። የኤንሪኮ ኬክ ቤት ዝናው በቅጠል በቅጠል በሚነባበረው ኬኩ ነው፤ የቤቱ ደንብ ማለዳ የመጣ ያገኛል፣ አርፍዶ የመጣ ባዶ መስታወት ያያል የሚል ነው ቢባል ይሻላል። ቶሞካ በ1953 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የቡና ቤት ነው፤ ስሙ ራሱ «ዘመናዊ የቡና መቁያ» የሚል ፍች ካላቸው የጣሊያንኛ ቃላት የተውጣጣ ነው። ቆማችሁ ጠጡ፤ ቤቱ የተሠራው ለቆመ ሰው ነው።

ካስቴሊ ግን ተለይቶ ይነገር። ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ የቀረው ፍራንቼስኮ ካስቴሊ በ1948 እ.ኤ.አ. የከፈተው ሲሆን፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ለአሥርተ ዓመታት በቤተሰቡ እጅ ቆይቷል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተርና የሆሊውድ ተዋንያን በልተውበታል፤ ይህ ለእኔ ብዙም አይደንቀኝም። የሚደንቀኝ የንጉሡን ዘመን፣ የደርግን የሰዓት እላፊና የኢሕአዴግን ዘመን ሁሉ በአንድ ዓይነት ገበታ ማሳለፉ ነው። መግቢያው ላይ የተደረደረው ቀዝቃዛ አትክልት፣ በቤቱ ውስጥ የሚጠፈጠፈው ፓስታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያስተናግደው አረጋዊ አሳላፊ፤ ይህ ሁሉ የአንድ ዘመን ወግ ነው። ለጀማሪ ደመወዝ ከባድ ስለሆነ ለምረቃ ቀን አቆዩት። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤቶቿን ስላጣች፣ ወደ የትኛውም የሰፈሩ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

ከመስቀል አደባባይ አጠገብ የጣሊያን ማኅበረሰብ ክበብ የሆነው ዩቬንቱስ አለ፤ የቤት ምግብ የሚመስል፣ ያልተኳኳለ የጣሊያን ምግብ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የምመርጠው ይህን ዓይነቱን ነው። በቦሌ መንገድ ማኩሽ ሥዕል እያያችሁ ፓስታ የምትበሉበት ነው፤ ሥዕሎቹ የኢትዮጵያውያን ናቸው። ከመገናኛ በላይ ያለው ቶፕ ቪው ደግሞ ስሙ እንደሚለው ከተማይቱን ከላይ ያሳያል። ስለ አዳዲሶቹ የቦሌ ፒዛ ቤቶች ብዙ አልናገርም፤ አንዱ ሲከፈት አንዱ ይዘጋል፤ በእንጨት የሚነድ ምድጃ ያለውን ምረጡ፣ ይበቃል።

ካዘዛችሁ በኋላ «ፓስታው ለስልሷል» ብላችሁ አብሳዩን ከመውቀሳችሁ በፊት ፊዚክስን አስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ሦስት መቶ ሜትር በወጣን ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሮም ውስጥ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ እዚህ 92 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። አዴትም ብዙ አትለይም። በጥቅሉ ላይ «አሥር ደቂቃ» የሚለው ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ነው፤ እዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ውጪው እየላላ ልቡ ገና ጥሬ ይሆናል፤ አብሳዩም ልቡን ለማብሰል ሲል ውጪውን ያሟሟዋል። ጣሊያኖቹ አል ዴንቴ የሚሉት፣ ማለትም ለጥርስ ጥቂት የሚቋቋም አበሳሰል፣ በደጋ አገር ትዕግሥትና ጥሩ ስንዴ ይጠይቃል። ስንዴውን እመለስበታለሁ።

የጾሙን ነገር በተመለከተ ግን አንድ የተዛባ አስተሳሰብ አለ። የጾም ፒዛና የጾም ፓስታ የእኛ ማስመሰያ፣ የእውነተኛው ምግብ ጎደሎ ቅጂ ይመስለናል። አይደለም። ከናፖሊ ጥንታዊ ፒዛዎች አንዱ የሆነው ማሪናራ አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው። በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚሠራው ስፓጌቲም እንዲሁ የድኻ ሰው ምግብ ነው። ደረቅ ፓስታ ከስንዴና ከውኃ ብቻ ስለሚሠራ የጾም ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጠፈጠፈው፣ ሰፋፊው ታልያቴሌና ላዛኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል ይገባበታልና ዓርብ ቀን ጠይቁ። በዓመት ውስጥ አንድ መቶ ሰማንያ ቀን ያህል የሚጾም ምእመን ያለባት ከተማ የጣሊያንን የፍስክ ምግብ ትታ የጾሙን መምረጧ ብልህነት ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ እተዋለሁ።

ስለ በርበሬውም እንዲሁ። ስጎ ላይ በርበሬ መጨመር ጣሊያኑን ማበላሸት ነው የሚል አዲስ አበቤ አጋጥሞኛል። ጣሊያኖቹ ራሳቸው በሚጥሚጣ የሚያቀጥሉት ስጎ አላቸው፤ ስሙም «የተቆጣች» ማለት ነው። ቲማቲሙም በርበሬውም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ የጣሊያን አያት ቅድመ አያትም የእኛም ቅድመ አያት ከአምስት መቶ ዓመት በፊት አያውቋቸውም ነበር። የቡሬንና የጃቢ ጠህናንን በርበሬ የሚያውቅ ሰው ያን ስጎ ቢቀምስ ቁጣው ገና ልጅ መሆኑን ይረዳል።

አሁን ወደ ስንዴው። ለዳቦ የሚሆነው ስንዴና ለፓስታ የሚሆነው ስንዴ ሁለት የተለያዩ ሰብሎች ናቸው። የዳቦው ስንዴ 42፣ የፓስታው ወይም ዱረም የሚባለው 28 ክሮሞዞም አላቸው። ዱረም ፍሬው ጠንካራና እንደ መስታወት የሚያሳልፍ ነው፤ ሲፈጭ እንደ ዱቄት ከመላም ይልቅ ቢጫ ቅንጣት ይሆናል፤ ከቅንጬያችን ጋር የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። የጣሊያን ሕግ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደረቅ ፓስታ ከዱረም ስንዴ ብቻ እንዲሠራ ያዝዛል። የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ሲጎበኝ የደነቀው ይህ ባለ 28 ክሮሞዞም የስንዴ ቤተሰብ በደጋችን ያለው ብዛትና ልዩነት ነበር፤ ነጭ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ ፍሬ ያላቸው ዓይነቶች በአንድ ማሳ ተቀላቅለው ይበቅሉ ነበር። ገበሬያችን በቅንጬ፣ በንፍሮ፣ በቆሎና በዳቦ ሲበላው የኖረው ይህን ነው። የዚሁ ቤተሰብ የሆነው አጃ፣ በከተማ ሱቅ አጃ ተብሎ የሚሸጠውን ማለቴ ሳይሆን ቅርፊቱ የማይለቀውን የአገር ስንዴ፣ በጣሊያን ፋሮ ተብሎ በክብር የሚበላ ነው።

ታዲያ የዱረም አገር የሆነች ኢትዮጵያ የፓስታ ፋብሪካዎቿ ዱረም ከውጭ ሲገዙ ወይም የዳቦ ስንዴ ሲቀላቅሉ ማየት ያሳፍራል። በዱረም ምርምር ቀዳሚው የቢሾፍቱው የደብረ ዘይት ማዕከል ነው፤ በባሌም የጣሊያን የልማት ትብብር ገበሬውን ከፓስታ ፋብሪካዎች ጋር ያገናኘ ሥራ ደግፏል። የእኛው የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ታይንና ጋሳይን የመሰሉ የዳቦ ስንዴ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ ገበሬውም ተቀብሏቸዋል። ምዕራብ ጎጃም ለዱረም ለምን አልተመቸችም? መልሱ ዝናቡና አፈሩ ውስጥ ነው። ዝናቡ ብዙ ነው፤ አፈሩ በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ ናይትሮጅኑም በጎርፍ ይታጠባል። ዱረም ናይትሮጅን ሲያጣ ፍሬው መስታወትነቱን ትቶ ነጭ ዱቄታማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ፕሮቲኑም ይቀንሳል፤ ፋብሪካም አይገዛውም። በኖራ የታከመ ማሳና ዘግይቶ የሚጨመር ማዳበሪያ ይህን ያሻሽላሉ፤ ወጪ ግን አላቸው። ገበሬው ያን ወጪ አውጥቶ ለዱረሙ ከዳቦ ስንዴ የተለየ ዋጋ ካላገኘ ለምን ይዘራዋል? ቡሬ ላይ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስላለ ጥያቄው የወደፊት ሕልም አይደለም፤ ከእናንተ መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የቸገረው ካለ ይህን ይውሰድ፤ በጥራት የተመሠረተ ዋጋ በይልማና ዴንሳ ገበሬ ምርጫ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?

እስከዚያው ድረስ ቤታችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት ቀላል ፈተና አለ። ከሱቅ ሁለት ዓይነት ፓስታ ግዙ። በጥቅሉ ውስጥ ሳለ ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩት፤ ቢጫና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው ወይስ ነጭና ድፍን? ከዚያ በሁለት ድስት፣ በእኩል ውኃ፣ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ቀቅሏቸው። ውኃው እንደ አጥሚት የደፈረሰው የዳቦ ስንዴ የበዛበት ነው፤ ውኃው ጠርቶ የቀረው፣ ፓስታውም ሳይጣበቅ በሹካ የሚነሣው ዱረሙ ነው። ውጤቱን በሚቀጥለው ሳምንት በክፍል ይዛችሁ ኑ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።